የዲሲ የሙቀት አገልግሎት ሲገመገም፦ ጥናቱ ጎበዝ፣ አደራረሱ ገና

ኮከብ የሚሰጠው ለምግብ ቤትና ለጫማ ብቻ ነው ያለው ማነው? ታክስ የምንከፍልበት አገልግሎትም ይገምገም እንጂ። ዛሬ የማወራው የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ አስተዳደር በሰመር ስለሚሰጠን የሙቀት አገልግሎት ነው። ማለትም ስልካችን ላይ ስለሚመጣው ማንቂያ፣ ሰው ከሙቀት ስለሚያርፍባቸው ኩሊንግ ሴንተሮች፣ ስለ ሙቀት ካርታው፣ ስለ ዋና ገንዳዎቹ፣ እና ብዙዎቻችን ስለማናውቃቸው ሕጎች። «ሙቀት ደግሞ ምን አገልግሎት ያስፈልገዋል፣ ኤሲ ከፍቶ መተኛት ነው» የምትሉ ካላችሁ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። ኤሲ የሌለው፣ ወይም ቢል ይቆልልብኛል ብሎ የማይከፍት ዘመድ የሌለው ሰው መካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ውጤቱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ለማንበብ ጊዜ የሌለው እዚሁ ይውረድ። ከተማው ለሠራው ጥናት ከ5 5 ሰጥቻለሁ። ያ ጥናት ሰው ቤት ለመድረሱ ግን 2 ተኩል። በጥቅሉ 3 ተኩል ብያለሁ፣ ስሌቱን አትጠይቁኝ፣ ገንዳዎቹ ትንሽ አሳስተውኛል።

ከካርታው ልጀምር፣ የሚገርመው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2018 ፈቃደኛ ነዋሪዎች መኪናቸው መስኮት ላይ የሙቀት መለኪያ ሰክተው ከተማዋን ዞሩ። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ድጋፉ የመጣው ኖአ ከሚባለው የፌዴራሉ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ነው፣ ባልቲሞርም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ሠርታለች። የተገኘው ነገር እንዲህ ነው፦ በዚያ ቀን ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት አንዱ የዲሲ ሰፈር 102 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ሌላው 85.6 ነበር። በእኛ ቤት መለኪያ 39 እና 30 ገደማ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ አዋሽ ድረስ እንደመውረድ በሉት፣ ልዩነቱ እዚህ መንገዱ አውቶቡስ ይዞ ጥቂት ፌርማታ ብቻ መሆኑ ነው። ሮክ ክሪክ ፓርክ ያለበት፣ ዛፍ የሞላበት አካባቢ ቀዝቃዛ። አስፋልትና ኮንክሪት የበዛበት፣ ጥላ የሌለበት አካባቢ ደግሞ ምድጃ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? እስከዚያ ድረስ ሁላችንም የምንሰማው አንድ ቁጥር ነበር። «ዛሬ ዲሲ 95 ነው» ይባላል፣ አለቀ። ያ ቁጥር የሚለካው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዲሲ ውስጥ አይደለም። ፖቶማክን ተሻግሮ፣ ቨርጂኒያ፣ ወንዝ ዳር ያለው ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የከተማዋ ይፋዊ ሙቀት የሚለካው ከከተማዋ ውጭ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ኮሎምቢያ ሃይትስ አራተኛ ፎቅ ላይ ጣሪያ ሥር የተከራየ ሰው የሚኖርበትን ሙቀት የአውሮፕላን ማረፊያው ቴርሞሜትር ከየት አውቆ ይነግረዋል? ተመራማሪዎቹ ይህን ክፍተት በመኪና ዞረው፣ በጎ ፈቃደኛ አስተባብረው ሞሉት። ርካሽ፣ ቀላል፣ ጠቃሚ። እንዲህ ያለ ጥናት ነው የምወደው።

የተሻለው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የከተማው የኃይልና አካባቢ መሥሪያ ቤት ዝም ብሎ የሙቀት ካርታ ሰቅሎ አልተቀመጠም። ሙቀቱን ከዛፍ ሽፋንና ከአስፋልት ጋር አስተሳሰረው፣ በዚያ ላይ እዚያ ሰፈር የሚኖረው ማን እንደሆነ ጨመረበት። ስንት አረጋዊ አለ? ስንት ሕፃን? አስም ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ? ሁለቱ ሲደራረቡ አዲስ ካርታ ይወጣል። ሞቃት ሰፈር ሁሉ አንድ ዓይነት አደጋ የለበትም። ወጣት ጠበቆች ኤሲያቸውን ከፍተው የሚኖሩበት ሞቃት ሰፈርና አሮጊቶች ብቻቸውን የሚኖሩበት ሞቃት ሰፈር ለሙቀት መለኪያው አንድ ናቸው፣ ለአምቡላንሱ ግን አይደሉም። ካርታው ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው፣ ማንም ሰው ሰፈሩን ማየት ይችላል። እኔም የራሴን ፈለግኩ፣ ቀይ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ምንም አልገረመኝም፣ ከሰዓት በኋላ ከባቡር ጣቢያው ቤቴ እስክደርስ አንድ የረባ ዛፍ የለም።

ዛፍ ስል፣ ከተማው በ2032 የዛፍ ሽፋኑን 40 በመቶ ለማድረስ ግብ አስቀምጧል። ጥሩ ነው። ግን ዛሬ የተተከለ ችግኝ ጥላ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ለገበሬ ልጅ አይነገርም። እስከዚያ ሰው ምን ይሁን?

ወደ ማንቂያው ልለፍ። አሠራሩ ቀላል ነው። የአየር ትንበያው የሙቀት መጠን ወይም «ሂት ኢንዴክስ» የሚባለው፣ እርጥበቱ ተደምሮበት ሰውነት የሚሰማው ሙቀት፣ 95 ፋራናይት (35 ሴልሺየስ) እንደሚደርስ ካሳየ ከተማው የሙቀት አስቸኳይ ጊዜ ያውጃል። ቴክስት ይመጣል፣ ኩሊንግ ሴንተሮች ይከፈታሉ፣ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያዎች ቀንም ክፍት ይሆናሉ። ቁጥሩ ግልጽ ነው፣ የሚያከራክር ነገር የለውም፣ ሠራተኛውም ነዋሪውም ያውቀዋል። ለዚህ ነጥብ ይገባዋል።

ግን እዚህ ላይ ነው ጥናቱና አገልግሎቱ መለያየት የሚጀምሩት። ከተማው ራሱ በ2016 ባወጣው «ክላይሜት ሬዲ ዲሲ» በሚለው ዕቅዱ ላይ እንዲህ ያሉ ቀናት በዓመት 30 ያህል እንደነበሩና በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆኑ ጽፏል። አስቡት እንግዲህ። ሰመሩን ሙሉ «አስቸኳይ ጊዜ» የሚል ቴክስት ሲመጣ ሰው ምን ያደርጋል? ያጠፋዋላ። እኔ የማውቃቸው ሹፌሮች ስልካቸው ሲጮህ አያነቡትም፣ እየነዱ በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ኡበሩ ይመለሳሉ። 95 እና 104 እኩል የሚጮህ ማንቂያ ችግር አለበት። በ2024 ጁላይ አጋማሽ ሙቀቱ አራት ቀን በተከታታይ ከ100 በላይ ሆኖ አንዱን ቀን 104 (40 ሴልሺየስ) ገብቶ ነበር። ያ ሳምንት ከተለመደው የጁላይ 95 ጋር አንድ ስም ሊኖረው አይገባም።

የተሻለ ነገር አለ እኮ፣ እሩቅም አይደለም። የብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎትና የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል ሲዲሲ በ2024 «ሂትሪስክ» የሚባል በቀለም የተከፋፈለ ትንበያ ለመላው አገር አውጥተዋል። ከአረንጓዴ እስከ ወይን ጠጅ፣ አምስት ደረጃ። ጥሩነቱ ቁጥሩን ብቻ አለማየቱ ነው። ሙቀቱ ለወቅቱ ያልተለመደ ነው ወይ? ስንት ቀን ይቆያል? ሌሊት ይበርዳል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። በሜይ የመጣ 93 ሰውነት ገና ስላልለመደው ከኦገስቱ 95 ሊብስ ይችላል። ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ይከፈታል። እኔ ከከተማው ቴክስት ይልቅ እሱን ማየት ጀምሬያለሁ።

ሌሊት ያልኩትን ያዙልኝ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ሰውነት ቀን የሞቀውን ሌሊት ካልቀዘቀዘ ነው ልብ የሚደክመው። አስፋልትና ጡብ ደግሞ ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ነው የሚተፉት። የ2018 ጥናት ማታም ጭምር የለካው ለዚህ ነው። እሺ፣ አሁን ኩሊንግ ሴንተሮቹን እዩ። አብዛኞቹ ላይብረሪዎች፣ የመዝናኛ ማዕከሎችና የአረጋውያን ማዕከሎች ናቸው። ቦታዎቹ ቆንጆዎች ናቸው፣ ሐቁን ልናገር። መሀል ከተማ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ በ2020 ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ኤሲው ሳይሆን ጣሪያው ላይ ያለው አትክልት ስፍራ ብቻውን ይበቃል፣ ልጆች ያሏችሁ ውሰዷቸው፣ ማንም ምን ትፈልጋለህ አይላችሁም። ግን ላይብረሪ ማታ ይዘጋል። ሙቀቱ ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥበት ሰዓት ሲደርስ አገልግሎቱ በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ኩሊንግ ሴንተር የሚጠቅመው ተነስቶ ለሚሄድ ሰው ነው። በሙቀት የሚሞተው ሰው ደግሞ ተነስቶ የማይሄደው ነው። ይህን የምለው ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። በ1995 ጁላይ ቺካጎ ውስጥ በአንድ የሙቀት ማዕበል ከወትሮው በላይ 739 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የሲዲሲ ተመራማሪዎች የሞቱትን ቤት ለቤት እየሄዱ በአጠገባቸው ከነበሩና ካልሞቱ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ብቻውን የሚኖር፣ ከቤት የማይወጣ፣ የታመመ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ፣ ኤሲ የሌለው፤ አደጋው እዚያ ነበር። ኤሲ ያለው፣ መጓጓዣ ያለው፣ የሚጠይቀው ወዳጅ ያለው ተረፈ። ቺካጎ ትምህርቱን ወሰደች። በ1999 እንደገና ከባድ ሙቀት ሲመጣ ፖሊስና የከተማ ሠራተኛ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በር እያንኳኳ አየ። የሞተው ሰው 110 ገደማ ነበር። አሁንም ብዙ ነው፣ ግን 739 አይደለም።

ፊላደልፊያ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ነው የነቃችው። በ1995 የሙቀት ማንቂያ ሥርዓት ስትዘረጋ አስፋልቱን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን ነበር ያሰበችው። እዚያ «ብሎክ ካፕቴን» የሚባሉ የመንገዱን ሰው ሁሉ የሚያውቁ የሰፈር ተጠሪዎች አሉ፣ ማንቂያ ሲወጣ አረጋውያኑን ሄደው ይጠይቃሉ። ለአረጋውያን የስልክ መስመር ተከፈተ፣ ነርስ ታናግራለች። በኋላ የተሠራ ጥናት ሥርዓቱ በሦስት ዓመት ውስጥ 117 ያህል ሰው እንዳዳነ ገምቷል። ከዲሲ በባቡር ሁለት ሰዓት የማይሞላ ከተማ ነው እንግዲህ። ጥናቱን ለማግኘት ማርስ መሄድ አያስፈልግም።

ዲሲ ይህን ማድረግ አቅቷት አይደለም። በበረዶው ወቅት የአረጋውያንን በር ላይ በረዶ የሚጠርግ የበጎ ፈቃደኛ ቡድን ከተማው ራሱ ይመዘግባል፣ ይመድባል። ያንኑ ዝርዝር ጁላይ ላይ ማውጣት ነው። በረዶ የተከመረበት በር ስለሚታይ ይመስለኛል ሰው የሚሯሯጠው። የተዘጋ መስኮት ኋላ የሚሆነው አይታይም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን ግምገማ በአማርኛ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፣ ከ2004 ጀምሮ። መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነድ መተርጎምና አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ስንት ከተማ አማርኛን በሕግ ያውቃል? ስለዚህ ስልክ ደውላችሁ «አማርኛ» ካላችሁ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፣ አትፈሩ፣ ልመና አይደለም። ለሕጉ አምስት ኮከብ።

ችግሩ ትርጉም ሁሉንም አይፈታም። «ውኃ ጠጡ፣ ፋን ክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ሂዱ» የሚለውን ወደ አማርኛ መገልበጥ ቀላል ነው። እናቴ ግን ፋን አትከፍትም! ለምን? ንፋስ ይመታታላ። በ98 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መስኮት ዘግታ፣ ነጠላ ተከናንባ፣ «ይሄ ብርድ ነው የሚገድለኝ» ትላለች። ሳቁ፣ ግን የእናንተም እናት እንደዚያው ናት። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሰው ኤሲ የሚነፍስበት ላይብረሪ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀመጥ ቢባል ቅጣት ነው የሚመስለው። ጋቢ ይዘሽ ሂጂ ብሎ የሚመክር የከተማ ወረቀት ብቻ ነው እሷን የሚያሳምናት፣ የምሬን ነው።

በነገራችን ላይ ስለ ፋን ግማሽ እውነት አላት። ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ 95 እና ከዚያ በላይ ሲጠጋ ፋን ብቻውን ከሙቀት ሕመም አያድንም፣ የጤና ባለሙያዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። በተለይ አረጋዊን ትኩስ አየር እየነፈሰበት ያደርቀዋል። እሷ በሌላ ምክንያት ትክክል ሆነች።

ምችም አለ። ታላላቆቻችን ፀሐይን ይፈራሉ፣ በላብ ፀሐይ ላይ አትውጣ ይላሉ፣ ይህ ራሱ ጥሩ የጤና ምክር ነው። አደጋው የሚመጣው ሰውየው ራሱን ሲያመውና ሲያተኩሰው «ምች መታው» ተብሎ ዳማ ከሴ ታሽቶለት፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ላብ እንዲያወጣ ሲደረግ ነው። ሙቀት መትቶት ከሆነ ሽፋኑ ይገድለዋል። መዘባረቅ ከጀመረ፣ ከደነዘዘ፣ ቆዳው ከጋለ፣ ልብሱን አውልቆ በውኃ ማቀዝቀዝና 911 መደወል ነው፣ ዳማ ከሴው ይቆይ።

ከዚያ ጾም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ነው፣ በፈረንጅ ኦገስት 7፣ ዲሲ በላብ ከምትታጠብበት ጊዜ ጋር የተገጣጠመ። ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃ የለም። ቅዳሴ የሚወጣው ደግሞ ከሰዓት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ሰዓት። ብዙዎቹ እናቶችና አባቶች የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ከነዚያ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ውኃ ከሰውነት የሚያስወጡ ናቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን የታመመውን ከጾም ታሳርፋለች፣ ንስሐ አባት ቢነግሩ ይሰማሉ፤ የከተማው ቴክስት ቢነግር ማንም አይሰማም። ስለዚህ የጤና ቢሮው ብልህ ከሆነ በጁላይ መጨረሻ ካህናቱን ይዞ መነጋገር አለበት። ካርታው ላይ «አረጋዊ» የሚለውን ቁጥር ያውቃል፣ አረጋዊው የት ተቀምጦ እስከ ስንት ሰዓት ሳይጠጣ እንደሚውል ግን ካርታው አያውቅም። ያንን የምናውቀው እኛ ነን፣ እኛን የሚጠይቅ ጥናት ግን ገና አላየሁም።

አዲስ የመጡት ደግሞ አሉ። ጁላይ ላይ አዲስ አበባ ዝናብና ጭጋግ ነው፣ ሰው ጋቢ ለብሶ በቡና ይሞቃል። ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍሮ ዲሲ ይወርዳል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ የእኛ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ፓርኪንግ ሥራ ይጀምራል፣ ወይ ዶርዳሽ፣ ምግብ ማድረስ፣ በብስክሌት። የሠራተኛ ሙቀት ላይ የተሠራው ጥናት ሁሉ የሚለው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው አደገኞቹ። ሥራ የምታስገቧቸው ሰዎች ቀስ በሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ቀን ይሥሩ፣ የኪራይ ገንዘብ ይደርሳል።

አሁን ስለ ሕጉ፣ እዚህ ጋ ነው በጣም የጠቀመኝ። በዲሲ የኪራይ ቤት ሕግ መሠረት አከራይ ኤሲ ካቀረበ ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 እንዲሠራ አድርጎ መያዝ አለበት፦ ቤቱ 78 ፋራናይት መድረስ አለበት፣ ወይም ከውጭው ቢያንስ 15 ዲግሪ መቀዝቀዝ። የእኔ አከራይ፣ ስሙን ተዉት፣ የሕንፃው ኤሲ ሲበላሽ «ዕቃው እየመጣ ነው» የሚል ዘፈን ይዞ ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ዕቃው ከየት አገር እንደሚመጣ እንጃ። ከዚያ የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር ፎቶ አንስቼ፣ ሕጉን ጠቅሼ፣ በኢሜይል ጻፍኩለት፣ ለሕንፃዎች መሥሪያ ቤት ኢንስፔክሽን እንደምጠይቅም ጨመርኩ። ዕቃው መጣ። ሰዎች፣ ስልክ አትደውሉ፣ ጻፉ። ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እየደወሉ በትሕትና «እባክህ» ይሉት ነበር፣ እንዲሁ በሙቀት ሲቀቀሉ ከረሙ።

ሕጉ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ይታያችሁ፦ «ካቀረበ» ነው የሚለው። ከመጀመሪያው ኤሲ የሌለው ቤት ውስጥ የተከራየ ሰው ምንም አያገኝም። ጥናቱ ኤሲ የሌለው ቤት ገዳይ ነው ይላል፣ ሕጉ ደግሞ ኤሲ ያለውን ቤት ብቻ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ተናደድኩ።

መብራት ላይ ግን ጥሩ ሥራ ተሠርቷል። ሙቀቱ 95 እንደሚደርስ ከተተነበየ የመብራት ኩባንያው ቢል አልከፈልክም ብሎ መብራት መቁረጥ በሕግ አይፈቀድለትም። ያቺው 95 ቁጥር እዚህ በትክክል ገብታለች፣ ከኤሲ ፊት ለፊት ቆሞ ቢል የሚያሰላ ሰው ይህን ይወቅ። ቢሉ ራሱ ግን አይጠፋም፣ ኋላ ይመጣል። ለቢል ድጋፍ የሚሰጥ በፌዴራል ገንዘብ የሚደጎም ፕሮግራም አለ፣ ሊሂፕ ይባላል፣ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ አመልክቱ።

ገንዳዎቹ? ለዲሲ ነዋሪ ነፃ፣ መታወቂያ ማሳየት ብቻ። ልጆች ያብዳሉ። ሌላ የምጨምረው የለኝም፣ ሂዱ።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር ግን አለ። ይህ ሁሉ ጥናት ከሰማይ አልወረደም። የሙቀት ካርታው የኖአ ድጋፍ ነበረው፣ ሂትሪስክ የሲዲሲ እጅ አለበት። በ2025 አፕሪል በፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር ሰፊ የሠራተኛ ቅነሳ ሲደረግ የሲዲሲ የአየር ንብረትና ጤና ክፍል ሠራተኞች ከተቀነሱት ውስጥ ነበሩ፣ ሊሂፕን የሚያስተዳድሩትም እንዲሁ። ከተማ ብቻውን ይህን ሁሉ መለካት ይችላል? ዲሲ ሀብታም ናት፣ ምናልባት ትችላለች። ትናንሽ ከተሞች ግን ያለዚያ ድጋፍ የሚከብዳቸው ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲዎቹ አሉ፣ ግን ፕሮፌሰር ጥናቱን አሳትሞ ይሄዳል፣ በየዓመቱ ካርታ የሚያድስልህ ቢሮ ነው።

እና ከከተማው የምፈልገው ምንድን ነው? ማንቂያው በደረጃ ይሁን። በጣም በሚብስባቸው ቀናት ቢያንስ በየሰፈሩ አንድ ቦታ ሌሊቱን ክፍት ይደር። ቀይ የሆነውን ሰፈር ካወቃችሁ ቀዩ ሰፈር ውስጥ በር አንኳኩ፣ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ቴክስት ከመላክ። የአፍሪካ ጉዳዮች ቢሮ ከንቲባዋ ሥር አለ፣ ዕድሮቻችን አሉ። ዕድር ማለት እኮ የእያንዳንዱን አባል ስልክ፣ አድራሻ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ጭምር የሚያውቅ ድርጅት ነው፣ ፊላደልፊያ በብሎክ ካፕቴን የሠራችውን እኛ ያለ ማንም ጥናት ይዘነዋል። ያሳዝናል፣ የምንደዋወለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የዕድር ዳኛ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ 100 ዲግሪ በሚሆንባቸው ቀናት ብቻቸውን ለሚኖሩት አባላት የሚደውል ሰው መድቡ። ወጪ የለውም።

የሲልቨር ስፕሪንግና የዊተን ሰዎች «እኛስ?» እንዳትሉ፦ እናንተ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ናችሁ፣ ይህ ሁሉ የዲሲ ነገር አይመለከታችሁም፣ ማንቂያችሁም ሌላ ነው። ግን በአንድ ነገር ትበልጡናላችሁ። የካውንቲው ምክር ቤት በ2020 ባወጣው ሕግ አከራይ ኤሲ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቤቱን ከ80 ፋራናይት በላይ እንዳይሆን ማድረግ አለበት። «ካቀረበ» የምትል ቃል እዚያ የለችም። ኤሲ የሌለው ቤት የተከራየ ዘመድ እዚያ ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት፣ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ የኢሜይሉንም ቅጂ ያስቀምጥ።